የማቴዎስ ቀኝ

ባሌ ግራና ቀኙን አይለይም። ላማው ብዬ አይደለም፤ እሱም ፊቱ ሲወራ ስቆ ነው የሚያልፈው። እኛ ሰፈር፣ ቡራዩ፣ ከባጃጅ ነጂው እስከ ዳቦ ቤቷ ልጅ ድረስ ሁሉም ያውቅለታል። ባጃጅ ላይ ወጥቶ «ወደ ግራ ታጠፍ» ካለ ነጂው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ሁለቱም በሰላም ይደርሳሉ።

ሥራው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሰበታ አንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ የሚገቡ የጭነት መኪናዎችን ማስገባት! «ና! ና! ግራ ስበር! ቀኝ መልስ!» እያለ የሚጮኸው ሰው እሱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ አይሱዙ የጥበቃውን ቤት ጣሪያ ይዞበት ሄደ። ከዚያ በኋላ ሹፌሮቹ የራሳቸውን ሕግ አወጡ፤ «የማቴዎስን አፉን ተዉት፣ እጁን እዩ» ተባለ። እጁ ተሳስቶ አያውቅም። ችግሩ አፉ ነው።

እኔ ጫልቱ እባላለሁ፤ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለልብስ ሰፊ ግራና ቀኝ እንጀራዋ ነው። የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ በቀኝ፣ የሴት በግራ ይተከላል። ሁለቱንም እጅጌ ለአንድ ክንድ የቆረጠች ሰፊ ደንበኛዋን ለጎረቤት መርቃለች ማለት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት እንዲያ ያለውን ሰው አገባች። እሱ ከሆሳዕና በኩል ሥራ ፍለጋ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ትዕግሥተኛ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ የሁለታችንንም ድርሻ አወራለሁ።

ለሽምግልና ቤታችን የመጣ ቀን አባቴ፣ ኦቦ ገመቹ፣ አክብረውት «በቀኜ ተቀመጥ» ቢሉት ዞሮ በግራቸው ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። አባቴ ያኔ «ኦቦ ቢታ» ብለው ስም አወጡለት። ቢታ በኦሮምኛ ግራ ማለት ነው፤ አቶ ግራ እንደማለት። ስሙ ሰርጉንም፣ ልጅ መውለዳችንንም አልፎ እስከታመመባት ሳምንት ድረስ አብሮት ኖረ።

ያን ቀን አባቴ ሱሪያቸውን ላሳጥርላቸው ከሱሉልታ መጥተው ሱቄ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዱን እግር ጨርሼ ሁለተኛውን ልጀምር ስል ስልኬ ጮኸ። ማቴዎስ ነው፤ ከሰበታ። ጠዋት ቁርስ አልበላ ብሎ «ሆዴን ቆረጠኝ» ሲል ጨጓራህ ነው ብዬው ነበር። እኛ አገር ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጨጓራ ነው፤ ሐኪም የሚጠየቀው ጎረቤት ጠይቀን ስንጨርስ ነው።

«ጫልቱ፣ ጎኔን ወጋኝ» አለኝ።

«የቱን ጎንህን?»

«ቀኙን። ከታች፣ ከእምብርቴ ወረድ ብሎ።»

«ቀኙን?»

«አዎ፣ ቀኙን።»

«እሺ፣ ግራህን ነው ማለት ነው» አልኩና ሳቅኩ። እሱም ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። «ተይ፣ አታስቂኝ፣ ያመኛል» አለኝ። ድምፁ ያኔ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

አንድ ሹፌር መኪናው ላይ ጭኖ አመጣልኝ። ሲወርድ ጎብጧል፣ ላብ ፊቱን አጥምቆታል። አባቴ አንዱ እግር አጭር፣ አንዱ እግር ረጅም የሆነ ሱሪያቸውን እንደለበሱ ተነሡ፤ ደግፈነው ሰፈራችን ወዳለው ትንሽ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ የሚሠራው ወጣት ጤና መኮንን ነው፤ እኛ ግን ዶክተር ነው የምንለው፤ እሱም እምቢ ብሎ አያውቅም።

«የት ጋ ነው የሚያምህ?»

«ቀኝ ጎኔን፣ ከታች።»

የሰውየው ቅንድብ ተነሣ። «ሲጀምርህ እምብርትህ አካባቢ ነበር?»

«አዎ።»

«አስመልሶሃል?»

«አንዴ።»

«እንግዲህ ይሄማ ትርፍ አንጀት...» ብሎ ሳይጨርስ እኔ ገባሁበት። አፌን ቁርጥ ያርገው!

«ዶክተር፣ አይስሙት! እሱ ቀኝ ካለ ግራ ነው። አፉን ይተዉትና እጁን ይዩ።»

«እስቲ በእጅህ አሳየኝ» አለው። ማቴዎስ እጁን ግራ ሆዱ ላይ፣ ከታች አሳረፈ። ጤና መኮንኑ እዚያው ጫን ሲያደርገው ጮኸ፤ በቀኝ በኩል ሲጫነው ደህና ነው።

«ጥሩ አስታወስሽን እህቴ» አለኝ እየሳቀ። «ትርፍ አንጀት በቀኝ በኩል ነው። ይሄ የአንጀት መቆጣት ነው።» ከዚያ ማዳመጫውን ግራ ደረቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየና፣ «የልብህ ድምፅ ራቅ ይላል። ሸሚዝህ ወፍራም ነው መሰለኝ» አለ። ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ስስ ጨርቅ ነው። ስለ ጨርቁ ተናደድኩ እንጂ ስለ ልቡ ልብ አላልኩም።

መርፌ ወጋው፣ ሽሮፕና ክኒን አዘዘለት። እኔ ስወጣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ ባሌን ከስህተት አዳንኩት ብዬ። አባቴ ይባስ ብለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ይሄ ሰው በግራ ታሞ በቀኝ ይቀደድ ነበር» አሉ። ሳቅን። ማቴዎስ ብቻ ሆዱን እንደያዘ ቀስ ብሎ፣ «ቀኜን ነው እኮ ያልኩት» አለ። ማን ይሰማዋል!

መርፌው አስተኛው። ጠዋት ስነካው ግን ሰውነቱ እሳት ነው። ከንፈሩ ደርቋል፣ ሆዱ እንደ ጣውላ ጠንክሯል። እዚያው ያደሩት አባቴ አንዴ ዳብሰውት ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «ላም እንኳን እንዲህ ስትሆን ቆመን አናይም። ተነሺ!» አሉኝ። ልጃችንን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ላዳ ይዘን ወደ ከተማ ሆስፒታል ገባን።

ድንገተኛ ክፍል ያየው ሐኪም ደሙን አስመረመረ፤ ሆዱን ዳበሰና፣ «በግራ ነው የሚያመው። የኩላሊት ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ አልትራሳውንድ ይታይ» አለ።

አባቴ ቆም አሉ። «አልትራሳውንድ? ይሄ የእርጉዝ አይደለም እንዴ?»

«ለሁሉም ነው አባባ፤ የሆድ ዕቃን ያሳያል።»

ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉት ግን እውነትም እርጉዞች ነበሩ። ማቴዎስን ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፋ ሲያዩ አንዷ፣ «የኛ ወንድም፣ ስንተኛ ወርህ ነው?» አለችው። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ ፊቱን አይታው አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ «ማርያምን፣ እሱን አስቀድሙት!» ብላ ተራዋን ለቀቀች። እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ያለችው ሐኪም ዶክተር ሜሮን ትባላለች፤ አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ ወሬ የምትወድ። አባቴም ሳይጠሩ ገብተው ጥግ ላይ ቆሙ። ሆዱ ላይ ቀዝቃዛውን ጄል አፈሰሰችና በእጇ የያዘችውን መሣሪያ በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ የሚታየኝ የሱሉልታ የክረምት ጉም ነው፤ ምኑም አልገባኝም። እሷ ግን እየተንቀሳቀሰች ታወራለች። «አይዞህ ማቴዎስ፣ መጀመሪያ ሁሉን ዞር ዞር ብዬ ላይ። የት ነው የምትሠራው?»

«ሰበታ።»

«ሰበታ የት ጋ...» አለችና ዝም አለች።

ወሬኛ ሰው በድንገት ዝም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወሬኛ ነኝ፤ ትርጉሙን አውቀዋለሁ።

መሣሪያውን አነሣች፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳ አሳረፈችው። ደግማ አነሣች። «ይቅርታ፣ ገልብጬ የያዝኩት መሰለኝ» አለች። ከዚያ ጠርዙን በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች ስክሪኑን አየች፤ የቱ ጎን በየት በኩል እንደሚታይ እያረጋገጠች ነበር። «አልገለበጥኩትም» አለች ለራሷ፣ ቀስ ብላ።

«ዶክተር፣ ምንድን ነው? ንገሪኝ።»

«ጉበቱን ከቦታው አጣሁት።»

«አጣሁት?» አሉ አባቴ ከጥግ። «ዋቃዮ፣ አምላኬ! ጉበት እንደ ከብት ይጠፋል እንዴ?»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን የአልጋውን ብረት ያዝኩ። ጉበት የሌለው ሰው እንዴት ይኖራል? በሽታ በልቶት ይሆን? ያን ሁሉ ዘመን በግራና በቀኙ ስስቅበት ሰውየው ከውስጥ እያለቀ ነበር? ማቴዎስ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነክሷል። «እግዚአብሔር ሆይ፣ ግራም ይበል፣ ቀኝም ይበል፣ ብቻ ይኑርልኝ» አልኩ በልቤ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ዶክተሯ ወደ ግራ ተሻገረች። «እዚህ አለ!» አለች። «ጉበቱ በግራ ነው።» ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ግራ ደረቱ። ፈለገች። ከዚያ ወደ ቀኝ ደረቱ ስትሻገር ስክሪኑ መሃል አንድ ነገር ይመታ ጀመር፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይሄንን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት።

መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣ «ማቴዎስ፣ ልብህ በየት በኩል ነው የሚመታው?» አለችው።

«በግራ ነዋ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «የሰው ሁሉ በግራ አይደል?»

«አሳየኝ እስቲ።»

እጁን አንሥቶ ቀኝ ደረቱ ላይ አሳረፈ።

ዶክተሯ ስክሪኑን፣ ከዚያ እጁን አየች።

«ይሄ ግራ ነው ያለህ ማነው?» አለችው ዶክተር ሜሮን፣ በጣም በቀስታ።

ያን ጊዜ ነው ዓይኑን የገለጠው። «አንደኛ ክፍል አስተማሪያችን። አማርኛ ስንማር፣ ግራ የቱ ነው ስንለው፣ ‹እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ ልባችሁ የሚመታበት ጎን ግራ ነው፣ ሌላው ቀኝ ነው› አለን። እኔም አደረግኩ። ከዚያ ‹ግራ እጃችሁን አንሡ› ሲል እኔ ብቻ ሌላ አነሣሁ። ክፍሉ ሳቀብኝ። ደግሜ ደረቴን ዳበስኩ፤ ልቤ ያው እዚያው ነው የሚመታው። ምን ላድርግ? በእናቴ ቋንቋ ተሳስቼ አላውቅም። በአማርኛ ግን ግራና ቀኝ ሲባል እንደ ሰው ልበል እልና፣ ሲጨንቀኝ ወደ ልቤ እመለሳለሁ።»

በየቃሉ መሃል እየተነፈሰ፣ እያቃሰተ ነው ይህን ሁሉ የተናገረው። እኔ ካገባሁት ጊዜ ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ለካ ጠይቄውም አላውቅም!

ዶክተር ሜሮን በረጅሙ ተነፈሰች። «አስተማሪው አልዋሸህም፣ አንተም አልተሳሳትክም። አንተ ስትፈጠር የውስጥ አካልህ ሁሉ ተገልብጦ ነው የተቀመጠው፤ ልብህ በቀኝ፣ ጉበትህ በግራ። በጣም ጥቂት ሰው ነው እንዲህ የሚፈጠረው፤ በሽታ አይደለም። እኔ መጽሐፍ ላይ እንጂ በሰው ሳየው አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» አለች። እኔ የገባኝ በሙያዬ ነው። የሸሚዙን የወረቀት ልክ ገልብጠሽ ጨርቁ ላይ ብታስቀምጪው ሁሉም ነገር ተቃራኒ ሆኖ ይቆረጣል፤ ሸሚዙ ግን ያው ደህና ሸሚዝ ነው።

ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «ቆይ» አለች። «ሁሉም ከተገለበጠ...» መሣሪያውን ይዛ ወደ ግራ ሆዱ፣ ወደ ታች ወረደች፤ ያችኑ የሚያመውን ቦታ። ጫን አደረገች። ማቴዎስ ጮኸ።

«ትርፍ አንጀቱ ነው። ያለው በግራ ነው። አብጧል፣ ሊፈነዳ ትንሽ ነው የቀረው።» ስልኳን አንሥታ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ደወለች። «ትርፍ አንጀት ነው፣ ቶሎ መግባት አለበት። በግራ ነው... አዎ፣ በግራ... አልተሳሳትኩም... ሰማኸኝ? ግራ! ግራዬን ከቀኜ እለያለሁ!»

ማቴዎስ ከአልጋው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ፣ «ዶክተር፣ እኔ እንግዲህ እንዲህ ነው የኖርኩት» አላት።

እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ማርከር አውጥታ ሆዱ ላይ ትልቅ ቀስት ሣለችበት። «ከዚህ በኋላ በአፍ አላምንም» አለች። ሹፌሮቹ ትዝ አሉኝ።

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉት በሩ ድረስ እጁን ይዤ ሄድኩ። «ቀኜን ብዬሽ ነበር» አለኝ። ወቀሳ የለበትም፤ እንዲያው ሲነግረኝ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ የሆነው ሁሉ ያን ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። ትርፍ አንጀት ያለበትን ጎን በልቡ ለክቶ፣ ከልቡ ወዲያ ያለውን ቀኝ ብሎ፣ ለሐኪሙ በትክክል ተናግሮ ነበር። ሐኪሙም ሊደርስበት ነበር። አውቃለሁ ብዬ ያረምኩት እኔ ነኝ። «ብለኸኝ ነበር» አልኩት። እኔ፣ ጫልቱ፣ ቃል አጣሁ።

በሩ ተዘጋ። አባቴ አጭሩን የሱሪ እግር በረጅሙ ላይ አነባብረው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ እስካሁን የማላውቃቸው አባት ነበሩ፤ አይቀልዱ፣ አይናገሩ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንዴ ብቻ፣ «ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ» አሉ።

ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ ግንባሩን እየጠረገ ነበር። «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ደርሰንበታል። ጥቂት ቢቆይ ሆዱ ውስጥ ይፈነዳ ነበር» አለን። «እኔም ዛሬ ከአልጋው በሌላው ጎን ቆሜ መሥራቴ ነው፤ መስታወት እያየሁ የምሠራ ነው የመሰለኝ።» እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ይዞ አነሣኝ።

ማቴዎስ ሲነቃ አባቴ ራስጌው ቆመው ነበር፤ በየት በኩል እንደሆነ አልናገርም። ግንባሩን ሳሙትና፣ «ኦቦ ቢታ ቀርቷል። ከዛሬ ጀምሮ ኦቦ ሚርጋ ነህ» አሉት። ሚርጋ ቀኝ ማለት ነው። በኦሮምኛ መብት ማለትም ነው። ማቴዎስ በደረቀ ከንፈሩ ፈገግ ብሎ፣ «ቀኝ ነው እኮ ያልኩት» ሲል አባቴ ጣታቸውን ወደኔ ቀስረው፣ «ሚርጋ ቀባ!» አሉ። መብት አለው፣ ቀኝም አለው ማለት ነው። ነርሷ እስክታስወጣቸው ድረስ ደጋገሙት።

ድኖ ከቆመ በኋላ ሰፈራችን ክሊኒክ ወሰድኩት። ልጣላ አይደለም፤ ደግሞ በምን አፌ! ጤና መኮንኑ ነገሩን ሲሰማ ማዳመጫውን ቀኝ ደረቱ ላይ አድርጎ ሰማ፣ ከዚያ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። አሁን የታመመ ሁሉ ሲመጣ በሁለቱም ጎን ያዳምጣል አሉ። ማቴዎስም ዶክተር ሜሮን እንደመከረችው የትኛውም ሐኪም ጋ ሲገባ ገና ሳይተኛ «እኔ ተገልብጬ ነው የተሠራሁት» ብሎ ነው የሚጀምረው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እቤታችሁ ሁልጊዜ የምታርሙት ሰው ይኖር ይሆናል። ገና ሳይጨርስ «እሱ እንዲህ ማለቱ ነው» ብላችሁ የምትተረጉሙለት። ቀልዱን አልከለክላችሁም፤ ቤት ያለ ቀልድ አይሞቅም፣ እኛም እስከ ዛሬ እንሳሳቃለን። ብቻ አንዳንዴ «ማን ነገረህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ስንት ዘመን ራሴን ቀኝ ደረቱ ላይ አሳርፌ የልቡን ምት እየሰማሁ እንቅልፍ ወስዶኛል። ጆሮዬ ሥር ሲመታ፣ እዚህ ምን ይሠራል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ልብስ ልትለካ መጥታ ሳለ ማቴዎስ ከሥራ ገባ። ከላይ እስከ ታች አየችውና ወደኔ ዘንበል ብላ፣ «ጫልቱ፣ እንዲህ ዓይነት ሰፊ ሆነሽ የባልሽን የሸሚዝ ኪስ በቀኝ ትሰፊያለሽ? በግራ እኮ ነው የሚደረገው፣ ልብ ላይ» አለችኝ።

«ልቡ ላይ ነው የሰፋሁት» አልኳት።